ለሰርጌ የታዘዘ አጋዘን

ሽማግሌ ልትልኩ ያሰባችሁ ወንዶች ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ፤ አብራችሁ ሂዱ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ነውር ነው ትሉኝ ይሆናል። ነውሩን ተዉትና በር ሥር ተለጥፋችሁም ቢሆን የሚባለውን ስሙ። እኔ ወግ አከብራለሁ ብዬ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ጥፍሬን እየበላሁ ስጠብቅ፣ ሽማግሌዬ ጋሽ ተሰማ የማላውቀውን ሰው ድረው መጡ። ያ ሰው አዳኝ ነው። የአዳኝ ልጅ፣ የአዳኝ የልጅ ልጅ። የሚያሳዝነው ስሙና መልኩ የእኔ መሆኑ ነው።

እስቲ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ለአጭር ሥልጠና ሮም መጥቼ፣ ሥልጠናው አልቆ እኔ ያላለቅሁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ፖስታ ቤት ቴምብር እሸጥ ነበር። በሕይወቴ የገደልኩት ትልቁ አውሬ አንዲት አይጥ ናት፤ እሷም በር ስዘጋ መሃል ገብታብኝ ነው። ጠመንጃ የነካሁት የቀበሌ ጥበቃ ተራ ሲደርሰኝ ብቻ ነበር፤ እሱም ጥይት አልነበረውም። ሊቀ መንበራችን አቋቋሜን አይተው «ለአንተ እንጨቱ ይበቃሃል» ብለው ነው። ኋላ ወታደር በብዛት ይፈለግ ጀመር። እኔም እዚያ ከምፈለግ እዚህ ብጠፋ ይሻላል ብዬ በዚያው ቀረሁ። አንድ ጡረታ የወጣ የጣሊያን ኮሎኔል ቤት ተቀጥሬ አትክልት እኮተኩታለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ፣ ውሻ አናፍሳለሁ። ከወታደር ሸሽቶ ኮሎኔል ቤት መግባት ምን ይባላል እንዳትሉኝ፤ ጡረታ የወጣ ወታደር ጥርሱ እንደ ወለቀ አንበሳ ነው፣ ያዛጋል እንጂ አይነክስም።

ያኔ ሮም የነበርን ሐበሾች አብዛኞቻችን የሰው ቤት ሠራተኞች ስለነበርን ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሠፈር ያሉት ቡና ቤቶች በእኛ ይሞላሉ። ትርንጎን ያገኘኋት እዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የደረሰኝ ሳቋ ነው። መንገድ ማዶ ሆና ስትስቅ የአውቶቡስ ጥሩምባ እንኳ አይሸፍናትም። በዚያች ሳቅ እጄን ሰጠሁ። እሷም አልጠላችኝም።

አክስቷ እትዬ በላይነሽ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ፓሪዮሊ ሠፈር አንድ ሀብታም ቤት ምግብ ያበስላሉ፤ የቤቱ ጌታ ራሱ ወጥ ቤት ሲገባ አንኳኩቶ ነው። ወንድማቸውን፣ የትርንጎን አባት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ወታደሮች ወስደውት ሳይመለስ ቀረ። ልጅቱን አሳድገው፣ ይዘዋት እዚህ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ትርንጎ «እናቴም አባቴም እሷ ናት፤ የእሷን ምርቃት ሳልይዝ ከቤቷ አልወጣም» ብላኛለች። ስለዚህ ነገሩ ቁርጥ ነው። እትዬ በላይነሽ እሺ ካሉ አገባለሁ፤ እምቢ ካሉ ውሻ ሳናፍስ አረጃለሁ።

እንግዲህ ጋሽ ተሰማን የላክሁት ለዚህ ነው። ጋሽ ተሰማ አገር ቤት ጠበቃ ነበሩ። ሮም ውስጥ የሚሟገቱበት ችሎት ስላላገኙ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባሉ፤ ምላሳቸው ግን ሥራ ፈትቶ ሲያሳክካቸው ነው የሚውለው። የዚያን ዕለት ከሁለት ራስ ነቅናቂ ሽማግሌዎች ጋር ሄደው ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ።

«እሰይ በል፤ ሰጥተውናል!»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «እንዴት አድርገው አሳመኗቸው?»

«ጥቂት ስለ ዘርህ አጫወትኳቸው።»

«ስለ ዘሬ ምን ያውቃሉ?»

«ምንም! እሱ እኮ ነው የተመቸኝ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባቱ ዝሆን የጣሉ፣ አያቱ አንበሳ በጎራዴ የቀሉ፣ እሱም ራሱ ገና ጥርሱን ሳይነቅል ጎሽ ያባረረ ነው አልኳቸው።»

«ጋሽ ተሰማ! አባቴ እኮ ልብስ ሰፊ ነበሩ!»

«አውቃለሁ። ታዲያ በመርፌና በክር ነው ሚስት የምለምነው?» አሉኝ ተቆጥተው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አገር ያወቀው የሽማግሌ ማጋነን ነው ብዬ ልተወው ስል፣ ጋሽ ተሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቀረውን አመጡት። ለካ እትዬ በላይነሽ ሮም ከገቡ ጀምሮ ሥጋ አልቀመሱም። «ማን እንዳረደው፣ ምን ብሎ እንዳረደው የማላውቀውን ሥጋ አፌ አላስገባም» ባይ ናቸው። ለጌቶቻቸው ጥጃና ጠቦት ሲጠብሱ ይውሉና ራሳቸው ሽሮ ይበላሉ። እና የዘሬን ዜና እንደሰሙ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እንዲህ አሉ፤ «አዳኝ ከሆነማ ተመስገን! የሰርጉ ሥጋ ነበር እንቅልፍ የነሣኝ። ያ ኮሎኔል በየዓመቱ ጥር ላይ ወታደር ካምፕ ውስጥ አጋዘን ያድናል አሉ፤ አብሮት ይሂድና በገዛ እጁ ገድሎ፣ በገዛ እጁ ባርኮ አርዶ ያምጣልኝ። ያን ጊዜ ልጄን ይውሰድ። ሥጋ የሌለው ሰርግ ተዝካር እንኳ አይሆንም።»

የኮሎኔሉን አደን የሰሙት ከማን መሰላችሁ? ከእኔው ከባለ ምላሱ። አንድ ሐሙስ ትርንጎን ለማሳቅ የኮሎኔሉን የአደን ባርኔጣ አስመስዬ ሳሳያት እሳቸው አጠገባችን ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ሰርጉ ከጥምቀት ቀጥሎ ላለው እሁድ ተቆረጠ። አንድ ቄስ የደብራቸውን አዳራሽ ፈቀዱልን። የኮሎኔሉ አደን ደግሞ የዚያው እሁድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዋለ። ሌላው ሙሽራ በሰርጉ ዋዜማ ፀጉሩን ይቆረጣል፤ እኔ አውሬ ልገጥም ነው።

ኮሎኔሉን አስፈቀድኩ። «ሲኞር ኮሎኔሎ፣ ዘንድሮ እኔንም ወደ አደኑ ቢወስዱኝ?» ስላቸው ሲያነቡት የነበረውን ጋዜጣ ጣሉት።

«አሎራ! አንተም አዳኝ ነህ?»

«እንደሚባለው ከሆነ አዎ» አልኩ።

«የጠመንጃ ፈቃድ አለህ?»

«ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ አለኝ።»

«እሱ እንድትኖር ነው የሚፈቅድልህ እንጂ እንድትተኩስ አይደለም» አሉና ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ እንደማይሞከር፣ ሌላ ዘዴ ካለ ግን እንደሚያስቡበት ነገሩኝ።

ጋሽ ተሰማ ይህን ሲሰሙ ቅንጣት አልደነገጡም። «ጠመንጃው ይቆይ፤ ትልቁ ፉከራው ነው። ገድሎ ያልፎከረ አዳኝ ሥጋ ገዝቶ እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። እሁድ በሰው ፊት ትፎክራለህ። ተነሥ ተለማመድ!» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት በኮሎኔሉ ግቢ መጥረጊያ እንደ ጠመንጃ አንግቼ፣ ከወይራው ዛፍ ፊት ለፊት እየተንጎራደድኩ ፉከራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣ አለ። ቴምብር ሲሸጥ የኖረ ጉሮሮ «ቀጣይ!» ከማለት ሌላ ምን ያውቃል? በሦስተኛው ቀን ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!» ስል የራሴው ፀጉር ቆመ። ውሻው መኪና ሥር ገባ። ጎረቤታችን ሲኞራ መስኮቷን ጠርቅማ ወደ ኮሎኔሉ ስልክ ደወለች፤ በግቢያችሁ ሰው እየታረደ ነው ብላ።

ኮሎኔሉ በቢጃማቸው እየሮጡ ወጡ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ መጥረጊያዬን አቅፌ ስጠብቅ፣ ዓይናቸው እንደ ሕፃን በርቶ «እስቲ ድገመው!» አሉ። ደገምኩት። «ቤኒሲሞ! ባቲቶሬ ትሆናለህ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ባቲቶሬ ማለት ለካ ጫካ ውስጥ እየጮኸ አውሬውን ወደ ተኳሾቹ የሚነዳ ሰው ነው። ጠመንጃ አይዝም፣ ፈቃድ አይጠየቅም። ጉሮሮ ብቻ።

አሁንም ሌላ ጣጣ። እትዬ በላይነሽ ያሉት «በገዛ እጁ ገድሎ» ነው። ጋሽ ተሰማ ግን የሳህን አረፋ በእጃቸው እንዳለ እዚያው ብይን ሰጡ፤ «ጥይቱ የኮሎኔሉ፣ ካራው የአንተ። አጋዘኑ ሲወድቅ ነፍሱ ሳትወጣ ትደርስና በስመ አብ ብለህ ታርደዋለህ። ነፍሱን ያወጣው ማነው? ካራው። ካራው የማነው? የአንተ። ይግባኝ የለውም።»

ይግባኝ ባይኖረውም ችግር ነበረው። እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዋን አስይዛ ጎረቤት የምትልከኝ «ይሄ ልጅ ካረደማ በዓሉ ያልፍብናል» ብላ ነው። ስለዚህ የማረድ ልምምድ አስፈለገኝ። ትርንጎ በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ትልቅ ዱባ ገዝታ የኮሎኔሉ ግቢ ድረስ መጣች። ዱባውን አጋደምኩት፣ በጉልበቴ ተጫንኩት፣ ባረክሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ካራውን ሳብኩ። ዱባው ከሥሬ ተንሸራቶ በቁልቁለቱ እየተንከባለለ ወረደ፤ ውሻው አባረረው። ትርንጎ ሣሩ ላይ ተዘርግታ ስትስቅ ያ የጎረቤታችን መስኮት እንደገና ተጠረቀመ።

«ኧረ ያዘው! ነፍሱ አልወጣችም!» ትላለች እንባዋን እየጠረገች።

«አንቺ ትስቂያለሽ፤ እኔ ጭንቅ ይዞኛል። አጋዘኑ ባይገኝ አክስትሽ ይሰጡኛል?»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አዳኝ አለመሆንህንማ ያወቅሁት ርግብ ከእጅህ ዳቦ ነጥቃህ ስትሸሽ ያየሁ ዕለት ነው። የአክስቴን ግን እንጃ። አንዴ ከአፏ ከወጣ አትመልሰውም» አለችና ካራውን ከእጄ ወሰደች። «ብቻ ስታርድ ዓይንህን ግለጥ፤ በሞቴ!»

ይህችን ምክሯን ባለመስማቴ ነው ጉድ የፈላው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ዝግጅቱ የሕዝብ ጉዳይ ሆነ። ከካስትሮ ፕሬቶሪዮ ለአደን የምዘምተው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሁሉም የሚያዋጣልኝ ነገር አገኘ። አንዷ የሱፍ ካልሲ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ ደግሞ የጌታዋን የዝናብ ካፖርት ሳታስፈቅድ አመጣች። ኮሎኔሉ የድሮ ቦት ጫማቸውን ሰጡኝ። እሳቸው እግራቸው ታንኳ ነው፤ ጋዜጣ ብጠቀጥቅበትም ስራመድ እኔ ቀድሜ ጫማው ኋላ ይከተለኛል። በመጨረሻ እትዬ በላይነሽ ራሳቸው መጡና የተነጠረ ቅቤ በብልቃጥ አሳዩኝ። ለገዳይ አናት የሚቀባው ቅቤ ነው።

«እሁድ ይህን በእጄ ነው የምቀባህ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ለነገሩ ነው እንጂ… ምናልባት አጋዘኑ ባይገኝስ?»

«ዝሆን የጣሉ ሰው ልጅ ባይገኝስ ይላል እንዴ?» ብለው ብልቃጡን ወደ ቦርሳቸው መለሱት።

ቅዳሜ ማለዳ በኮሎኔሉ ትንሽ ፊያት ተነሣን። ካምፑ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ባሕሩ ነው፤ ግማሹ ጫካ፣ ግማሹ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ። ጭጋጉ ለጉድ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ወታደሩን ከነጠመንጃው ጥርት አድርጌ አየሁት። ከእንዲህ ያለ በር ስሸሽ ባሕር ተሻግሬ፣ ዛሬ ካራ ይዤ በገዛ እግሬ!

«ዶኩሜንቲ!» አለ ወታደሩ።

ቀኝ እጄ ፔርሜሶዬን ፍለጋ ኪሴ ገባ። ግራ እጄ ሥራ ፈትቶ ነበርና የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። በየቀበሌው ስብሰባ የቆማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወታደር ፊት ከሆናችሁ ግራ እጅ ማንም ሳያዘው ተጨብጦ ሽቅብ ይወጣል። ወጣላችሁ! በኮሎኔሉ አፍንጫ ሥር አልፎ የመኪናዋን ጣሪያ መታ። ጣሊያን አገር ያ ጡጫ የኮሚኒስት ሰላምታ ነው። ኮሎኔሉ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ኮሚኒስት ሲራገሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ወታደሩ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እስከዛሬ ቤቴ ያስቀመጥኩት ኮሚኒስት ነው?» አሉ ኮሎኔሉ ቀልተው።

«ኧረ አይደለም ሲኞር ኮሎኔሎ! እጄ ነው!»

«እጅህ ኮሚኒስት ነው?»

«ተገዶ ነው!»

ወታደሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። እኔ ግራ እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። እንደዚያ ሆነን ገባን።

ውስጥ የተቀበለን የወታደሮቹ ወጥ ቤት ኃላፊ የሆነ ድንቡሽቡሽ ያለ ማሬሻሎ፣ በእኛ ሻምበል ባሻ እንደሚባለው ያለ፣ ነው። ቡና ሰጠን፤ ልቡ ግን ከእኛ ጋር አልነበረም። ወደ ጭጋጉ እያየ ያፏጫል፣ አንድ ነገር ይጠራል፣ መልሶ ያፏጫል። ውሻው ጠፍቶበት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት። ተኳሾቹ በሜዳው ዳር ተደረደሩ። እኔን ከጫካው ጀርባ አቁመው «ፊሽካ ሲነፋ እየጮህክ ወደኛ ና» አሉኝ። ኮሎኔሉ ሲለዩኝ «ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገገ ትልቅ አጋዘን አለ፤ ሦስት ዓመት አምልጦኛል። ዛሬ በአንተ ድምፅ አይቀርልንም» አሉኝ።

ፊሽካው ተነፋ። በስመ አብ ብዬ ካራዬን መዘዝኩና ጉሮሮዬን ከፈትኩት።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
የቴምብሩ ጌታ፣ የፖስታው አለቃ፣
ሮም ላይ ተኝቶ ዛሬ ገና ነቃ!»

ያ ካምፕ መድፍ ሲተኮስበት ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ወፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ኋላ ኮሎኔሉ እንደነገሩኝ ያ ባለ ቅርንጫፍ አጋዘን ገና «አካኪ» ስል ብድግ ብሎ፣ ተኳሾቹን ወደ ጎን ትቶ፣ ወደ ባሕሩ ነካው። እስካሁን ሰርዴኛ ደሴት ደርሶ ይሆናል። እኔ ምን አውቄ? ጫማዬን እየጎተትኩ፣ በእሾህ እየተቧጨርኩ፣ በፉከራዬ ተቃጥዬ እሮጣለሁ። ሞቅ ሲለኝ ለካስ አባቴ ዝሆን መግደላቸውን ማመን ጀምሬያለሁ!

ድንገት ፊት ለፊቴ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። በጭጋጉ ውስጥ ቀንድ አየሁ። ቡናማ ገላ አየሁ። ወዲያው ከሩቅ «ዷ!» የሚል ተኩስ ሰማሁ፤ አውሬው ዘሎ እሾሁ ውስጥ ተሰነቀረና በጉልበቱ ወደቀ። ተመቷል! ነፍሱ ሳትወጣ! ጫማዎቹን እዚያው ትቼያቸው በካልሲ በረርኩ፤ ተወርውሬ ላዩ ላይ ወደቅሁ፤ ቀንዱን ያዝኩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አልኩና የትርንጎን ምክር ረስቼ ዓይኔን ጭፍን አድርጌ ካራውን ሳብኩት።

እንደዚያው ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩና ፎከርኩ። ፉከራዬን ስጨርስ ዓይኔን ገለጥኩ።

አጋዘን ፀጉሩ እንዲህ የተጠቀለለ ነው እንዴ? ብዬ አሰብኩ። አጋዘን ላት አለው እንዴ? አንገቱ ላይ ደግሞ ቀይ ሪባን አለ፤ ሪባኑ ላይ ወታደሮቹ ለቀልድ የሰፉለት የአሥር አለቃ ማዕረግ። ጥይት የሚባል አልነካውም። እሾሁ ብቻ ነው ጠፍንጎ የያዘው።

ከጭጋጉ መጀመሪያ ኮሎኔሉ፣ ቀጥሎ ማሬሻሎው ወጡ። ማሬሻሎው ፉጨቱን አፉ ላይ እንዳለ አቆመው። «በጌ!» አለ። ለፋሲካቸው ቀልቦ ያሠባው በግ ጠዋት በረቱን ሰብሮ ጠፍቶበት ኖሯል። ኮሎኔሉ በጉን አዩ፣ ካራውን አዩ፣ ካልሲዬን አዩ፤ ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ማሬሻሎው ግን አልሳቀም። እኔ ደግሞ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በግ አርጄ እስር ቤት ልገባ ነው፤ ነገ ሰርጌ ነው፤ አጋዘን የለኝም!

ጣሊያንኛዬ በደህናው ቀን እንኳ የሚያነክስ ነው። ያን ዕለት በአራት እግሩ ዳኸ። ስለ ትርንጎ፣ ስለ አክስቷ፣ ስለ ሽማግሌው ምላስ፣ ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ ስለማይበሉት ሴትዮ፣ እዚህ አገር ወገን ዘመድ ስለሌለኝ ስለ እኔ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት። ማሬሻሎው ከንፈሩን ነክሶ አዳመጠ።

«አክስትየዋ ኃይለኛ ናት?» አለኝ በመጨረሻ።

«እጅግ።»

«እኔንም ያሳደገችኝ አክስቴ ናት» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ጎንበስ ብሎ ሪባኑን ከበጉ አንገት ፈትቶ ኪሱ ከተተ። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ሰርጉ በስንት ሰዓት ነው?»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ያሳደግሁትን በግ እንግዳ ሲበላው እኔ እቤቴ ልቀመጥ?»

ከሰዓት በኋላ በኮሎኔሉ መኪና ሥጋውን በጆንያ ይዤ ሰርጉ የሚደገስበት አዳራሽ ደረስኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሽንኩርት እየከተፉ ጠበቁኝ፤ እልልታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። እንዲህ ያለ መራራ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጆንያውን ፈቱት። መጀመሪያ የወጣው ራሱ ነው፤ ከነቀንዱ። እልልታው ቀስ በቀስ ሞተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ በላይነሽ፣ የሮም አጋዘን እንደ አገራችን ሳይሆን…»

«እርስዎ ዝም ይበሉ! እኔ መንዝ ተወልጄ በግ ልሳት?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ተናገር። ምንድን ነው?»

ትርንጎ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። ያ ሳቅ ፊቷ ላይ የለም። ማለት ያለብኝን ሁሉ በመኪናው ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም ትዝ አላለኝም። አፌን ስከፍት የወጣው፣ የአንድ ሳምንት ልምምድ አይጥፋበትና፣ ፉከራ ነው።

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ!
የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የቴምብር ነጋዴ፣
አጋዘን ቢያመልጠው በግ ያረደ በዘዴ፤
ዓይኑን ጨፍኖ ገዳይ እሾህ የያዘለት፣
ለትርንጎ ብሎ ካምፕ የገባላት!»

ሽንኩርት የምትከትፈዋ ቢላዋዋን እንዳነሣች ቀረች።

«ባርከህ ነው ያረድከው?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ።

«በስመ አብ ብዬ ነው።»

«ነፍስ ነበረው?»

«ከእኔ የበለጠ ነፍስ ነበረው፣ እትዬ።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ተሰማ መታገሥ አልቻሉም። «በእሾህ ተይዞ ነው ያገኘው አለ እኮ! አብርሃም በጉን የት አገኘው? በዕፀ ሳቤቅ፣ በቀንዱ ተይዞ! አብርሃም በግ ፍለጋ ነው የወጣው? አይደለም! ታዲያ የላከለት ማነው?» እያሉ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከየት መጡ ሳይባል ነቀነቁ። እትዬ በላይነሽ ግን እየሰሟቸው አልነበረም። የሚያዩት እኔን ነው። ካልሲዬን፣ የተቧጨረ ፊቴን።

«እውነት ወታደር ካምፕ ውስጥ ገባህ?»

«ገባሁ።»

«በበሩ? ጠመንጃ የያዘ ቆሞበት?»

«አዎን፤ ግራ እጄ ላይ ተቀምጬ ነው የገባሁት።»

ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ የወታደር ቤት በር አውቃለሁ» አሉ። «የዚህችን ልጅ አባት ያስገቡት ጊዜ ስንቅ ይዤ በር በሩን ስቆም ነው የከረምኩት። ሲገባ ነው ያየሁት፤ ሲወጣ አላየሁም። አንተ ለልጄ ብለህ በገዛ እግርህ ገባህ። ገብተህም ወጣህ። ያውም በግ ይዘህ!» መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ሳቅም ልቅሶም ሆነ። «አጋዘን ማን ይበላል ብለህ ነው? የአዳኝ ዘር ነው ስለተባልኩ እስቲ ይታይ ብዬ ነው። እኔን የናፈቀኝ በግ ነው!»

ከቦርሳቸው ብልቃጡን አወጡት። አንዷ «ኧረ እትዬ፣ ለበግ ገዳይ ቅቤ አይቀባም!» ስትል «አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ!» አሏትና ሙሉውን አናቴ ላይ ገለበጡት። ቅቤው በጆሮዬ፣ በአንገቴ፣ እስከ ተውሶ ካፖርቱ ድረስ ወረደ። ያኔ የትርንጎ ሳቅ ፈነዳ። እመኑኝ፣ ቴርሚኒ ድረስ ተሰምቷል።

በማግስቱ ተጋባን። እኔ ደስ ሲለኝ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ብቻ እየጨፈርኩ ትርንጎን ነጭ ልብሷ ላይ ቅቤ እንዳስነካኋት ዛሬም ይነገረኛል። ማሬሻሎው በሙሉ ዩኒፎርሙ፣ ጢሙን አበጥሮ ከተፍ አለ። እትዬ በላይነሽ በጉ የማን እንደነበር ሲነገራቸው እጁን ይዘው ወስደው ባዶ በነበረው የሙሽራው አባት ቦታ አስቀመጡት። «ጥሎሽ ያመጣው እሱ አይደል?» አሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻም ራሳቸው፣ ከወጡ መሃል፣ ከቀዩ፣ ሞላ አድርገው አጎረሱት።

ማሬሻሎው አላመጠ። ቆመ። ፊቱ እንደ በጉ ሪባን ቀላ። ከዚያ ግራ እጁ ተጨብጦ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሽቅብ ወጣ። ኮሎኔሉ ደንግጠው ወደ እኔ አዩ። እኔ ግን ስሜቱ ስለሚገባኝ ውኃ አቀበልኩት።